ጌዮርጌ ሃጂ፦ በማድሪድና በባርሴሎና ያልሞላለት አስር ቁጥር ኢስታንቡል ላይ እንዴት ነገሠ?

የሮማኒያው አማካይ የጌዮርጌ ሃጂ ስም በተነሣ ቁጥር የእግር ኳስ ተመልካቾች ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንዱ ወገን በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ኮሎምቢያ ላይ ያስቆጠራትን ግብና ከጋላታሳራይ ጋር የሰበሰባቸውን ዋንጫዎች ጠቅሶ ከዘመኑ ምርጦች ተርታ ያሰልፈዋል። ሌላው ወገን ደግሞ በሪያል ማድሪድና በባርሴሎና በድምሩ አራት ዓመት ተጫውቶ አንድም የላሊጋ ዋንጫ ሳያነሣ መውጣቱን፣ በመሃሉም ወደ ጣሊያን ሁለተኛ ዲቪዚዮን መውረዱን አስታውሶ ስሙ ከሥራው እንደሚበልጥ ይናገራል። ሁለቱም የሚጠቅሱት በእርግጥ የሆነውን ነው።

በዚህ ማብራሪያ የምንከተለው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ያው ሰው፣ ያው ግራ እግር፣ በአንዱ ከተማ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ በሌላው ከተማ ንጉሥ ሊባል የቻለው ለምንድን ነው? የመልሱ አብዛኛው ክፍል ከተጫዋቹ ችሎታ ውጭ ነው። ተጫዋች ከአገር እንዳይወጣ በከለከለ መንግሥት፣ የውጭ ተጫዋቾችን ቁጥር በሚገድብ ደንብ እና በዘመኑ እየተጠላ በመጣ የጨዋታ ሚና ውስጥ ይገኛል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስር ቁጥር ሲባል ምን ማለት ነው?

ሃጂ አማካይ ነበር ሲባል ኳስ እየነጠቀ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ሳጥን የሚመላለስ ተጫዋች የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። የእሱ ዓይነት አማካይ ግን ሥራው ሌላ ነው። የሚቆመው ከአጥቂዎቹ ጀርባ፣ ከተከላካይ አማካዮቹ ፊት ባለው ክፍት ቦታ ላይ ሲሆን፣ ኳስ ሲደርሰው ዞሮ አጥቂዎቹን የሚያገናኝ ኳስ ማቀበል፣ መንገድ ሲገኝም ራሱ መምታት ይጠበቅበታል። በአገራችን የስፖርት ጋዜጠኞች ጨዋታ አቀጣጣይ የሚሉት ይህንን ነው። ማሊያው ላይ በአብዛኛው አስር ቁጥር ስለሚለጠፍ ሚናው ራሱ በቁጥሩ ይጠራል።

ይህ ሚና ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ሌሎቹ ናቸው። ጨዋታ አቀጣጣዩ ቡድኑ ኳስ ባጣ ጊዜ ወደ ኋላ ሮጦ እንዲከላከል ስለማይጠበቅ የእሱን ድርሻ ሁለት ወይም ሦስት ጓደኞቹ ተከፋፍለው መሸፈን አለባቸው። አሠልጣኙ ይህን ከፈቀደና ተጫዋቾቹ ከተቀበሉት ቡድኑ በሙሉ በአንድ ሰው ዙሪያ ይሠራል። ካልተቀበሉት ግን ያው ተጫዋች ኳስ በማጣት ጊዜ አሥር ሰው የሚያስቀር ሸክም ይሆናል። ሃጂ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ደልዳላ፣ ግራ እግሩ ከሩቅ የሚመታና ከሩቅ የሚያቀብል፣ ጸባዩም ቁጡ ነበር። በሮማኒያ በሚገኙት የካርፓቲያን ተራሮች ስም «የካርፓቲያን ማራዶና» የተባለውም ለዚህ ነው። ቅጽሉ ለመሞገስ የወጣ ቢሆንም ከማን ጋር እንደሚመዘን ስለሚያስታውስ ዕድሜ ልኩን የተሸከመው ነገር ነበር ማለት ይቻላል።

ሃጂ የተወለደው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1965 በጥቁር ባሕር ዳርቻ በሚገኘው በኮንስታንጻ አውራጃ፣ ሳቼሌ በምትባል መንደር፣ አሮማኒያን ከሚባለው የባልካን ሕዝብ ወገን ከሆነ ቤተሰብ ነው። በኮንስታንጻው ክለብ በፋሩል አድጎ፣ ፌዴሬሽኑ ተስፋ የሚጣልባቸውን ታዳጊዎች ይሰበስብበት ወደነበረው ወደ ቡካሬስቱ ሉቻፋሩል ተወስዶ፣ ተመልሶም ለፋሩል በአንደኛ ዲቪዚዮን ተሰልፏል። በ1983 ወደ ስፖርቱል ስቱደንጼስክ ተዛወረ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት 10 ቀን በ18 ዓመቱ ኦስሎ ላይ ከኖርዌይ ጋር በተደረገ ጨዋታ ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። በ1985 በ20 ግብ፣ በ1986 በ31 ግብ የሮማኒያ ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ።

በቻውሼስኩ ዘመን ክለቦች የማን ነበሩ?

እነዚህን የግብ ቁጥሮች በትክክል ለመመዘን የዚያን ጊዜውን የሮማኒያ እግር ኳስ ማወቅ ያስፈልጋል። በኮሚኒስቱ ሥርዓት ክለቦች በነጋዴ ወይም በማኅበር ባለቤትነት የሚመሩ አልነበሩም። ስቴዋ ቡካሬስት የጦር ሠራዊቱ፣ ተቀናቃኙ ዲናሞ ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርና የደኅንነቱ ክለብ ነበር። ከስቴዋ ጀርባ የፕሬዚዳንት ኒኮላይ ቻውሼስኩ ልጅ ቫለንቲን ቻውሼስኩ መኖሩም የአደባባይ ምስጢር ነበር። በዚህ ዓይነቱ አሠራር ተጫዋች የሚዛወረው በገበያ ዋጋ ሳይሆን ከበላይ በሚወርድ ፈቃድ ነው፤ ደካማ ክለብ ለኃያሉ ክለብ «አልሰጥም» የሚልበት አቅም አልነበረውም።

ውጤቶቹም ሁልጊዜ ንጹሕ አልነበሩም። በ1987 የዲናሞው አጥቂ ሮዲዮን ካማታሩ በውድድር ዓመቱ ማገባደጃ ላይ በግብ ላይ ግብ እየደረደረ 44 አድርሶ በአውሮፓ ሊጎች ብዙ ግብ ላገባ ተጫዋች የሚሰጠውን የወርቅ ጫማ ወሰደ። ነገሩ አጠራጣሪ ሆኖ በመገኘቱ ለሁለተኛው ለኦስትሪያዊው ቶኒ ፖልስተር በኋላ ተመሳሳይ ሽልማት ተሰጥቶታል። የሃጂ 31 ግቦች የዚህ ውዝግብ አካል አይደሉም፤ የዚያን ዘመን የሮማኒያ ሊግ አኃዝ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ግን ለዚህ ነው። ሃጂ ምን ያህል እንደሚችል የሚያሳየው ከሊጉ ይልቅ በአውሮፓ ውድድሮች ያደረገው ነው።

ከአገር መውጣትስ? ያለ መንግሥት ፈቃድ ለተጫዋች የተዘጋ በር ነበር። የስቴዋው ተከላካይ ሚዮድራግ ቤሎዴዲች በ1988 ወደ ዩጎዝላቪያ ሄዶ በዚያው በቀረ ጊዜ በሌለበት በአገር ክህደት የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። እሱ በ1991 ከሬድ ስታር ቤልግሬድ ጋር የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ ሲያነሣ ሥርዓቱ ወድቆ ነበር፤ በኋላም ለብሔራዊ ቡድኑ ተመልሶ ተጫውቷል። ሃጂ ግን አልኮበለለም። አንድ ተጫዋች ገና በማደግ ላይ ሳለ ታላላቅ ሊጎችን የሚለማመድባቸውን ዓመታት፣ ከ18 እስከ 25 ያለውን ዕድሜውን፣ በሙሉ አገሩ ውስጥ አሳለፈ።

ለአንድ ጨዋታ የተዋሰ ተጫዋች ለምን አልተመለሰም?

ብዙዎች ሃጂ በ1986 ሴቪያ ላይ ባርሴሎናን በመለያ ምት አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣው የስቴዋ ቡድን አባል ይመስላቸዋል። አልነበረም። የዚያ ምሽት ጀግና አራት ፍጹም ቅጣት ምቶችን ያዳነው ግብ ጠባቂ ሄልሙት ዱካዳም ሲሆን ሃጂ ያን ጊዜ ገና የስፖርቱል ተጫዋች ነበር።

ስቴዋ የወሰደው በቀጣዩ ዓመት ነው። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1987 ሞናኮ ላይ ስቴዋ ከዲናሞ ኪየቭ ጋር የአውሮፓ ሱፐር ካፕ ጨዋታ ነበረው፤ ሃጂም ለዚያ ለአንድ ጨዋታ ብቻ በውሰት እንዲሰለፍ ተደረገ። ጨዋታው 1 ለ 0 ተጠናቀቀ፤ ግቧን በቅጣት ምት ያስቆጠረው ተዋሹ ራሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ስፖርቱል ተጫዋቹን መልሶ አላገኘውም። ዛሬ ቢሆን በዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ፊት የሚያስከስስ ጉዳይ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሠራዊቱን ክለብ ማን ይከስሳል?

በስቴዋ ሦስት የሊግ ዋንጫዎችን በተከታታይ አነሣ። ክለቡ ከ1986 እስከ 1989 በሊጉ 104 ጨዋታዎችን ሳይሸነፍ የዘለቀበት ጊዜም ነው። በ1988 በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በቤንፊካ ተሸነፉ፤ በ1989 ደግሞ በግማሽ ፍጻሜው ጋላታሳራይን፣ ኋላ የሃጂ ቤት የሚሆነውን ክለብ፣ ጥለው ለፍጻሜ ደረሱ።

ፍጻሜው ካምፕ ኑ ላይ ከኤሲ ሚላን ጋር ነበር፤ ሚላን 4 ለ 0 አሸነፈ፤ ጉሊትና ቫን ባስተን ሁለት ሁለት አገቡ። ውጤቱ የሚጠቀሰው ብዙ ጊዜ ለሚላን ክብር ነው፤ ለሃጂ ታሪክ ግን ሌላ ትርጉም አለው። የአሠልጣኙ የአሪጎ ሳኪ ሚላን መስመሮቹን አቀራርቦ፣ አሥሩም ተጫዋቾች በአንድነት ወደ ፊት እየተጫኑ፣ በአማካይና በተከላካይ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ የሚያጠፋ ቡድን ነበር። ያ ክፍት ቦታ የአስር ቁጥር መኖሪያ ነው። የሃጂን ዓይነት ተጫዋች የሚያጣብበው አዲሱ እግር ኳስ ገና ከአገሩ ሳይወጣ ፊት ለፊት ገጥሞት ነበር ማለት ነው።

ማድሪድ ውስጥ ምን ተፈጠረ?

በዲሴምበር 1989 የቻውሼስኩ መንግሥት ወደቀ፤ ድንበሩ ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት በጣሊያኑ የዓለም ዋንጫ ሮማኒያ ሶቪየት ኅብረትን አሸንፋ፣ በሮጀር ሚላ ሁለት ግቦች በካሜሩን ተሸንፋ፣ ከአርጀንቲና ጋር አቻ ወጥታ ከምድቧ አለፈች፤ በጥሎ ማለፉ በአየርላንድ በመለያ ምት ወጣች። ከውድድሩ በኋላ የቡድኑ ዋና ዋና ተጫዋቾች ወደ ምዕራብ አውሮፓ ተበተኑ፤ የ25 ዓመቱ ሃጂ ወደ ሪያል ማድሪድ ገባ።

የገባበት ክለብ አምስት ጊዜ በተከታታይ ላሊጋን ያነሣና ከዚያ ከፍታ መውረድ የጀመረ ነበር። በመጀመሪያው የውድድር ዓመት ብቻ ጆን ቶሻክ፣ አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖና ራዶሚር አንቲች ተፈራርቀው አሠልጥነዋል። አስር ቁጥር በአሠልጣኝ እምነት የሚኖር ሚና መሆኑን ካስታወስን፣ በዓመት ሦስት አሠልጣኝ ምን እንደሚያደርገው መገመት አያዳግትም። በሁለተኛው ዓመት ተሻሽሎ በሊጉ 12 ግቦችን አስቆጠረ፤ ቡድኑም እስከ መጨረሻው ዕለት መሪ ነበር።

የመጨረሻው ዕለት ጁን 7 ቀን 1992 ነው። ሪያል ማድሪድ ቴኔሪፌ ላይ ካሸነፈ ሻምፒዮን ይሆናል። መጀመሪያ ፈርናንዶ ዬሮ አገባ፤ ቀጥሎ ሃጂ በቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ፤ 2 ለ 0። ዋንጫው እጅ ገብቶ ነበር። ሆኖም ቴኔሪፌ ሦስት ግቦችን አከታትሎ 3 ለ 2 አሸነፈ፤ ዋንጫው ለባርሴሎና ሆነ። ሃጂ በማድሪድ ከሸፈ ሲባል፣ በዚያ ከሰዓት በኋላ የቡድኑ ውጤት ቢጸና ኖሮ ዋንጫውን ያስገኘች ቅጣት ምት እየተባለ ዛሬም ይነገርላት እንደነበር አብሮ ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛ ዲቪዚዮን ለምን ወረደ?

ከማድሪድ የሄደው ወደ ብሬሻ ነው። ለአንድ የሪያል ማድሪድ ተጫዋች ይህ ውድቀት ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ብሬሻን የሚያሠለጥነው፣ ሃጂን በ18 ዓመቱ ለብሔራዊ ቡድን ያሰለፈው ሚርቻ ሉቼስኩ ነበር። ሉቼስኩ ሃጂን፣ ፍሎሪን ራዱቾዩን፣ ዮአን ሳባውንና ዶሪን ማቴውጽን ሰብስቦ አንዲት ትንሽ የሮማኒያ ቡድን በሰሜን ጣሊያን አቋቋመ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደንብ የሚመጣው። በዚያን ዘመን በአውሮፓ ታላላቅ ሊጎች አንድ ክለብ በአንድ ጨዋታ ማሰለፍ የሚችለው ሦስት የውጭ አገር ተጫዋቾችን ብቻ ነበር። ነገሩን በባጃጅ ማሰብ ይቻላል፦ ከኋላ ያለው መቀመጫ ለሦስት ሰው ነው፤ አራት ሆናችሁ ከመጣችሁ የአራተኛው ሰው ጥሩነት ወይም መጥፎነት አይጠየቅም፣ አንዱ መቅረት አለበት። ብሬሻ አራት ሮማኒያውያን ነበሩት፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ከአራቱ አንዱ ይቀራል።

ብሬሻ በ1993 ከሴሪ አ ወረደ። ሃጂ ጥሎ መሄድ ሲችል ቀረ፤ በሴሪ ቢ ተጫውቶ ክለቡን በ1994 መልሶ አሳደገ። በዚያው ዓመት ዌምብሌይ ላይ ኖትስ ካውንቲን በማሸነፍ የአንግሎ ኢጣሊያን ዋንጫንም ወሰዱ። ዋንጫው ታላቅ አይባልም፤ ግን ብሬሻ ዌምብሌይ ላይ ዋንጫ ማንሣቱ ቀላል ትዝታ አይደለም። ስለዚህ የዓለም ዋንጫ ሲጀመር ሃጂ በወረቀት ላይ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ተጫዋች ነበር።

የ1994ቱ ሮማኒያ ምን የተለየ ነገር ነበረው?

አሠልጣኙ አንገል ዮርዳኔስኩ ቡድኑን ሙሉ በሙሉ በሃጂ ዙሪያ ሠራው። ሮማኒያ ኳስ ይዛ ለመቆየት አትጨነቅም፤ ወደ ኋላ ሰብሰብ ብላ ትጠብቃለች፣ ኳሱን ስትነጥቅ ወዲያው ለሃጂ ትሰጣለች፣ ሃጂም ለሚሮጡት ለራዱቾዩና ለኢሊዬ ዱሚትሬስኩ ያደርሳል። አምበሉ ሃጂ ወደ ኋላ እንዲሮጥ አይጠየቅም፤ ጂካ ፖፔስኩና ዮአን ሉፔስኩ የእሱን ሩጫ ይሮጡለታል። ቀደም ሲል ያልነው ውል፣ ማለትም ለአንዱ ነፃነት ሌሎቹ የሚከፍሉት ዋጋ፣ እዚህ ቡድን ውስጥ ያለ ማንገራገር የተፈረመ ነበር።

ጁን 18 ቀን በፓሳዴና ሮዝ ቦውል ስታዲየም ኮሎምቢያን ገጠሙ። ኮሎምቢያ ከወራት በፊት ቦነስ አይረስ ላይ አርጀንቲናን 5 ለ 0 አሸንፋ የመጣች፣ ብዙዎች ዋንጫ የሚሰጧት ቡድን ናት። ራዱቾዩ በሃጂ ኳስ የመጀመሪያውን አገባ። በ34ኛው ደቂቃ ሃጂ በግራ በኩል፣ ከመስመሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ከግቡ 35 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ኳስ ያዘ። ከዚያ ቦታ ሁሉም የሚጠብቀው ወደ ሳጥን የሚሻገር ኳስ ነው፤ ግብ ጠባቂው ኦስካር ኮርዶባም ይህንኑ ጠብቆ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ነበር። ሃጂ ግን በግራ እግሩ ከፍ አድርጎ መታት፤ ኳሷ በኮርዶባ እጆች ላይ አልፋ በሩቁ ቋሚ በኩል ከላይኛው ማዕዘን ሥር ወረደች። ለማሻገር ፈልጎ ነው የሚል ክርክር እስከ ዛሬ አለ። ተጫዋቹ በክለብም ከመሃል ሜዳ ሳይቀር እየመታ ያገባ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ግን ክርክሩ ብዙ የሚያራምድ አይደለም። ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ።

በስዊዘርላንድ 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ አስተናጋጇን አሜሪካን በዳን ፔትሬስኩ ግብ 1 ለ 0 አሸነፉ። በጥሎ ማለፉ አርጀንቲና መጣች። ማራዶና በዶፒንግ ምርመራ ተይዞ ከውድድሩ ተባሮ ስለነበር ሜዳ ላይ የነበረው አስር ቁጥር የካርፓቲያኑ ብቻ ሆነ። ራዱቾዩ በካርድ ቅጣት ስለሌለ ዮርዳኔስኩ ዱሚትሬስኩን ወደ ፊት አወጣ፤ እሱም ሁለት አገባ፣ ሁለተኛዋ ከሃጂ የተቀበላት ናት። ከእረፍት በኋላ ደግሞ ዱሚትሬስኩ ለሃጂ መለሰለትና ሃጂ ሦስተኛውን አስቆጠረ። 3 ለ 2። ከዚያ ውድድር ምርጥ ጨዋታዎች መካከል ይህን የማይጠቅስ ዝርዝር ካጋጠመኝ አላምነውም።

ሩብ ፍጻሜው ግን አመለጣቸው። ከስዊድን ጋር በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 እየመሩ፣ ተጋጣሚያቸውም በቀይ ካርድ በአሥር ተጫዋች ቀርቶ ሳለ፣ በ115ኛው ደቂቃ ኬኔት አንደርሰን በጭንቅላት አቻ አደረገ። በመለያ ምቱ ሃጂ የእሱን አስቆጠረ፤ የፔትሬስኩንና የቤሎዴዲችን ግብ ጠባቂው ቶማስ ራቬሊ አዳነባቸው። ሃጂ በውድድሩ ምርጥ አሥራ አንድ ውስጥ ገባ፤ በዓመቱ የባሎን ዶር ምርጫም ስቶይችኮቭ፣ ባጆና ማልዲኒን ተከትሎ ከስዊድኑ ቶማስ ብሮሊን ጋር አራተኛ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ባርሴሎና ውስጥ ለምን ቦታ አጣ?

በአሠልጣኙ በዮሃን ክራይፍ ጥያቄ ወደ ባርሴሎና ሲሄድ ሁሉ ነገር የተስተካከለ ይመስል ነበር። ባጃጁ ግን አሁንም ሦስት ወንበር ነው። ባርሴሎና ስቶይችኮቭ፣ ሮማሪዮና ሮናልድ ኩማን ነበሩት፤ ሃጂ አራተኛው ሆነ። ይህ ደንብ ምን እንደሚያደርግ ክለቡ ራሱ ያውቃል፦ በ1994 የአውሮፓ ፍጻሜ ሚካኤል ላውድሩፕ በኮታው ምክንያት ከቡድኑ ውጭ ሆኖ ባርሴሎና በሚላን 4 ለ 0 ተሸንፏል። ሮማሪዮ በ1995 መጀመሪያ ቢሄድም ሃጂ በተከታታይ የሚሰለፍበት ጊዜ አልመጣም፤ ጉዳትም ነበረበት። የክራይፍ ታላቁ ቡድንም በመበታተን ላይ ነበር። ከሁለት ዓመት ቆይታው የቀረው በ1994 የተወሰደው የስፔን ሱፐር ካፕ ነው።

ዲሴምበር 15 ቀን 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ ላይ የሰጠው ውሳኔ ኮታውን አፈረሰው፤ ያፈረሰው ግን ለአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ዜጎች ብቻ ነው። ሮማኒያ ኅብረቱን የተቀላቀለችው በ2007 በመሆኑ ሃጂ ከውሳኔው በኋላም በስፔን የውጭ ዜጋ ሆኖ ቀረ። እንዲያውም ሁኔታው የባሰ ሆነ ማለት ይቻላል፦ አንድ ክለብ ፈረንሳዊ ወይም ሆላንዳዊ ያለ ገደብ መግዛት ሲችል፣ ውስን የሆነውን የውጭ ዜጋ ቦታ ለ31 ዓመት ተጫዋች የሚሰጥበት ምክንያት ይቀንሳል።

ኢስታንቡል ላይ ምን ተለወጠ?

በ1996 ጋላታሳራይ ሲገባ ብዙዎች ለጡረታ የሄደ መስሏቸው ነበር። አሠልጣኙ ፋቲህ ቴሪም ግን ለሌሎች ችግር የሆነውን ነገር መነሻው አደረገው። ቴሪም የያዛቸው እንደ ኦካን፣ ሱአትና በኋላም ወጣቱ ኤምሬ ያሉ ቱርካውያን አማካዮች ሲሮጡ የማይደክሙ፣ ኳስ ባጡበት ቦታ ወዲያው ለመንጠቅ የሚረባረቡ ነበሩ። ዘመናዊውን ጫና እነሱ ይሠሩታል፤ የተነጠቀችው ኳስ ለሃጂ ትደርሳለች፤ ከፊት ሃካን ሹኩር ይጠብቃል። ሳኪ ያጠፋውን የአስር ቁጥር መኖሪያ ቴሪም በሳኪ መሣሪያ መልሶ ከፈተው ማለት ነው። በ1997 ፖፔስኩም መጣ፤ ሁለቱ የብሔራዊ ቡድን ጓደኛሞች ብቻ ሳይሆኑ እህትማማቾችን ያገቡ ባጃዎችም ናቸው።

ውጤቱ ከ1997 እስከ 2000 አራት ተከታታይ የሊግ ዋንጫ ሆነ። በመጨረሻው ዓመት ቡድኑ በቻምፒዮንስ ሊግ ምድቡ ሦስተኛ ወጥቶ ወደ ዩኤፋ ካፕ ተሸጋገረ፤ ቦሎኛን፣ ዶርትሙንድን፣ ማዮርካንና ሊድስን ጥሎ ሜይ 17 ቀን 2000 ኮፐንሃገን ላይ ከአርሰናል ጋር ለፍጻሜ ቀረበ።

ያ ፍጻሜ ሃጂን በሁለቱም ገጹ ያሳያል። 90ው ደቂቃ ያለ ግብ አለቀ። ተጨማሪው ሰዓት እንደተጀመረ ከአርሰናሉ አምበል ከቶኒ አዳምስ ጋር ተያይዘው ሲጎታተቱ ሃጂ እጁን ሰነዘረ፤ ዳኛው ቀይ ካርድ አወጡ። የ35 ዓመት አንጋፋ፣ በክለቡ ታሪክ ትልቁ ምሽት፣ ቡድኑን በአሥር ሰው ጥሎ ወጣ። ጋላታሳራይ የቀረውን ጊዜ ተቋቁሞ ወደ መለያ ምት ደረሰ፤ የአርሰናሎቹ ሹከርና ቪዬራ ሳቱ፣ የመጨረሻውንና ወሳኙን ምት ባጃው ፖፔስኩ መረብ ላይ አሳረፈ። 4 ለ 1። የቱርክ ክለብ የአውሮፓ ዋንጫ ሲያነሣ የመጀመሪያው ነበር። በኦገስትም ሪያል ማድሪድን፣ የቀድሞ ክለቡን፣ በማሪዮ ጃርዴል ወርቃማ ግብ (በተጨማሪ ሰዓት እንደገባች ጨዋታውን በምትጨርስ ግብ) 2 ለ 1 አሸንፈው ሱፐር ካፑን ጨመሩ። ሃጂ በ2001 ጫማውን ሲሰቅል የኢስታንቡል ደጋፊዎች ከራሳቸው ልጆች ለይተው አያዩትም ነበር።

የብሔራዊ ቡድን ስንብቱም በቀይ ካርድ ነው። ከ1998ቱ የዓለም ዋንጫ በኋላ ተሰናብቶ የነበረ ቢሆንም ለ2000ው የአገሮች የአውሮፓ ዋንጫ ተመለሰ። ጁን 24 ቀን 2000 ብራሰልስ ላይ ሮማኒያ ከጣሊያን ጋር ባደረገችው ሩብ ፍጻሜ በአንቶኒዮ ኮንቴ ላይ በሠራው ጥፋት አንድ ቢጫ፣ ወዲያው ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት ለማግኘት ሆን ብሎ ወድቋል ተብሎ ሌላ ቢጫ አይቶ ወጣ። በ124 ጨዋታ 35 ግብ አስቆጥሯል፤ በግቡ ብዛት እስካሁን የሚስተካከለው አድሪያን ሙቱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላስ?

የአሠልጣኝነት ሥራው መጀመሪያ ላይ አላማረለትም። በ2001 ሮማኒያን ይዞ በስሎቬኒያ ተሸንፎ ከዓለም ዋንጫ ቀረ፤ በቡርሳስፖርም፣ በስቴዋም ብዙ አልቆየም፤ በጋላታሳራይ ሁለት ጊዜ ሞክሮ በ2005 ፌነርባቼን 5 ለ 1 በማሸነፍ የቱርክን ዋንጫ ማንሣቱ ጎልቶ የሚታየው ነው።

የሚያስኬደውን መንገድ ያገኘው ወደ ትውልድ አካባቢው ሲመለስ ነው። በ2009 ኮንስታንጻ አጠገብ ኦቪዲዩ በምትባል ከተማ በራሱ ገንዘብ የታዳጊዎች አካዳሚና ቪቶሩል የሚባል ክለብ አቋቋመ። ክለቡ በ2012 ወደ አንደኛው ሊግ አደገ፤ በ2017 ሃጂ ራሱ እያሠለጠነ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫው የተገኘው ኤፍሲኤስቢ ከሚባለው ክለብ ጋር በእኩል ነጥብ ጨርሰው በእርስ በርስ ውጤት በመብለጥ ሲሆን፣ ኤፍሲኤስቢ ይግባኙን እስከ ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት አድርሶ ተረትቷል። በ2021 ቪቶሩል ከፋሩል ኮንስታንጻ፣ ሃጂ ካደገበት ክለብ፣ ጋር ተዋሐደ፤ ፋሩልም በ2023 በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሣ።

የአካዳሚው ሥራ የሚለካው ግን በዋንጫ ብቻ አይደለም። ሥራው ልጆችን አሳድጎ ለውጭ ክለቦች መሸጥ፣ ከሽያጩ ደግሞ ተከታዮቹን ማሳደግ ነው። ራዝቫን ማሪንን የመሰሉ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ከዚያ ወጥተዋል፤ የሃጂ ልጅ ያኒስም እንዲሁ። በ1998 ኢስታንቡል የተወለደው ያኒስ በ2016 ወደ ፊዮሬንቲና ሲዛወር 18 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ አባቱ ከአገር ሲወጣ 25 ዓመቱ ነበር። ፍሎረንስ ውስጥ በቂ ጨዋታ ባላገኘ ጊዜም እንደ ዕዳ አልተያዘም፤ ወደ ቪቶሩል ተመልሶ ሁለት የውድድር ዓመት ያህል ተጫወተና በ2019 ወደ ቤልጂየሙ ጌንክ፣ ከዚያም ወደ ስኮትላንዱ ሬንጀርስ ሄደ፤ በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫም ለሮማኒያ ተሰልፏል።